ድባቴ፦ ራሱን በራሱ የሚቀልብ በሽታ

 

«ዛሬ ደብሮኛል» ብሎ የማያውቅ ሰው አይገኝም። ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ክረምቱ ሲረዝም፣ ከወዳጅ ጋር ቅያሜ ሲፈጠር ሰው ይደብረዋል፤ አንድ ሌሊት በደንብ ሲተኛ ወይም ከዘመድ ጋር ሲጫወት ደግሞ ይለቀዋል። የሕክምና ባለሙያዎች «ድባቴ» የሚሉት ሕመም ከዚህ የተለየ ነው። ኀዘን ወይም ከምንም ነገር ደስታ ማጣት የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይዞ፣ በየዕለቱ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ቢያንስ 2 ሳምንት ከዘለቀ፣ ከዚህም ጋር እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ አቅም ካነሰ፣ ሐሳብን መሰብሰብ ካቃተ፣ ራስን መውቀስ ከበዛና የዕለት ተግባር ከተስተጓጎለ፣ ያኔ ጉዳዩ የጤና ጉዳይ ሆኗል። በአገራችን ብዙ ሕመምተኞች ጤና ጣቢያ የሚሄዱት «ኀዘን ያዘኝ» ብለው አይደለም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይጫነኛል»፣ «ጨጓራዬ ነው» ብለው ነው። የጨጓራ መድኃኒት ይዘው ይመለሳሉ፤ ሕመሙም አብሯቸው ይመለሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዘገባ፣ በ2015 በዓለም ዙሪያ በድባቴ የሚሠቃዩ ሰዎች 322 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ገምቷል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ እንደሚበዛም ገልጿል። በዚህ ጽሑፍ መንስኤዎቹን ሁሉ ለመዘርዘር አላሰብንም። የምናተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሕመሙን የቀሰቀሰው ነገር ካለፈ በኋላም ድባቴው ለምን አይለቅም? መልሱ፣ ድባቴ የሚያመጣቸው ነገሮች ራሳቸው ተመልሰው ድባቴውን የሚመግቡት መሆኑ ነው።

አዙሪቱ እንዴት ይዞራል?

ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት እንውሰድ፤ ነገሩን ለማስረዳት ያቀረብናት እንጂ የታወቀች ሰው አይደለችም። እናቷ ሞተውባታል። የተዕዝያው 3 ቀን አልፎ እንግዳው ሲበተን ቤቱ ጭር አለባት። በሳምንቱ ጎረቤቶቿ ቡና ሲጠሯት፣ ከሰው ጋር ማውራቱ ተራራ መግፋት ሆኖ ታያትና «አሞኛል» ብላ ቀረች። በቀረችበት ቅጽበት ቀለል አላት። አዙሪቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መሸሽ ለጊዜው እፎይታ ይሰጣልና፣ አእምሮ «መቅረት ይሻላል» የሚለውን ትምህርት ይይዛል። በማግሥቱ መቅረት ይበልጥ ይቀላል፤ መሄድ ይበልጥ ይከብዳል። ጎረቤቶቿ ሁለት ሦስቴ ጠርተው «አናስቸግራት» ብለው ተዉ። እሷ ግን «ተረሳሁ» ብላ ተረጎመችው።

ቀን ስትጋደም ስለምትውል ሌሊት እንቅልፍ የለም። ከዒሻእ በኋላ ዓይኗ ፈጦ ጣራ ስትቆጥር ታድርና ሊነጋ ሲል ታሸልባለች፤ ፈጅር ያልፋታል። የሚበላ ነገር መሥራቱ ስለሚታክታት በሻይና በዳቦ ትውላለች፤ ጉልበቷ ይዝላል። መዛሏ ደግሞ «ምንም የማልረባ ሆኛለሁ» ለሚለው ሐሳቧ አዲስ ማስረጃ ይሆናል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከዚህ በኋላ ድባቴውን የሚያቆየው የእናቷ ሞት ብቻ አይደለም። የቀረችበት ቡና፣ የተገለበጠው እንቅልፍ፣ ያልተበላው ምሳና ያለፈው ሶላት እያንዳንዳቸው ለነገ ድባቴ ማገዶ ያቀብላሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚዞር አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ማብሰልሰል ነው። በዚምባብዌ የሾና ቋንቋ ተናጋሪዎች ይህን ሕመም «ኩፉንጊሲሳ» ብለው ይጠሩታል፤ ከልክ በላይ ማሰብ ማለት ነው። በኛም አገር «ሐሳብ ጨረሳት» ይባላል። የሚያብሰለስል ሰው መፍትሔ እየፈለገ ይመስለዋል፤ «ለምን እኔ? የት ላይ አጠፋሁ? ያን ቀን ሐኪም ቤት ብወስዳት ኖሮስ?» እያለ ይመላለሳል። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ የለውም፤ የሚያመጣው ሌላ ጥያቄ ብቻ ነው። ማሰብንና ማብሰልሰልን ለመለየት ቀላል መፈተኛ አለ። ለጥቂት ደቂቃ ካሰብን በኋላ «ነገ ይህን አደርጋለሁ» የምንለው አንድ ነገር ተገኝቷል ወይ? ካልተገኘ ማሰቡ ቆሞ ማብሰልሰሉ ጀምሯል ማለት ነው። ያኔ የሚጠቅመው ሐሳቡን በሐሳብ መታገል አይደለም፤ ከተቀመጡበት ተነሥቶ እጅን ሥራ ማስያዝ ነው። ምስር መልቀም፣ ልብስ ማጠብ፣ ጓሮ መኮትኮት፣ ማንኛውም እጅና ዓይን የሚጠይቅ ሥራ ይሆናል።

«ኢማኔ ሞቷል»

ለምእመናን ግን ከሁሉም የከፋው የአዙሪቱ ክር በዒባዳ በኩል የሚያልፈው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ድባቴ ከሰው ላይ ደስታን ሲወስድ የዱንያውን ብቻ መርጦ አይወስድም። የበፊቱ ቀልድ እንደማያስቀው ሁሉ የበፊቱ ቁርኣንም አያስለቅሰውም። ሶላት ላይ ቆሞ ልቡ ባዶ ይሆንበታል፤ ስንተኛ ረከዓ ላይ እንዳለ ይጠፋዋል። ይህ ራስ ምታት የትኩሳት ምልክት እንደሆነው ሁሉ የሕመሙ ምልክት ነው። ሰውየው ግን እንዲያ አይቆጥረውም፤ «ልቤ ታተመ» ይላል።

በሱረቱ-ን-ኒሳእ ስለ ሙናፊቆች፣ ወደ ሶላት ሲቆሙ ታክተው እንደሚቆሙ የተነገረውን ያስታውስና ለራሱ ያደርገዋል። «እኔ ሙናፊቁ ከጀማዓ ጋር ምን ያቆመኛል?» ብሎ ከመስጊድ ይቀራል። ሲቀር ወቀሳው ይብሳል፤ ወቀሳው ሲብስ መመለሱ ያሳፍረዋል። ሲመለስ «የት ጠፋህ?» የሚለው የሰው ዓይን ይታየውና ሌላ ጁምዓ ያልፋል። ነገር ግን ያ አንቀጽ የሚናገረው ለሰው ይታዩ ዘንድ ስለሚሰግዱ ሰዎች ነው። ይህ ሕመምተኛ ለይዩልኝ ሊሰግድ ይቅርና ከሰው ዓይን የሚሸሽ ነው፤ ስላለፈው ሶላት ብቻውን በሌሊት የሚያለቅስ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ በሕመምተኛው ላይ ግፍ ነው።

ቤተሰብና ጓደኛም ሳያውቁት ማገዶ ይጨምራሉ። «ኢማንሽ ስለደከመ ነው»፣ «ሶብር ብታደርጊ ኖሮ እዚህ አትደርሺም ነበር» የሚለው ንግግር ምክር ይመስላል፤ የሚሰማው ሰው ግን ራሱን የሚከስበትን ክስ በሌላ ሰው አፍ ተረጋግጦ ያገኘዋል። ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው በዩሱፍ ኀዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ ማዘናቸውን ቁርኣን ነግሮናል። በኢማናቸው ላይ ግን ማን አፉን ይከፍታል? ኸዲጃ (ረ.ዐ.) እና አቡ ጧሊብ የሞቱበት ዓመትም በሲራ መጻሕፍት «የኀዘን ዓመት» ተብሎ ነው የተመዘገበው።

ሌላም የሚያስተውሉት ነገር አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያዘወትሩት በነበረውና ቡኻሪ በዘገቡት ዱዓ፣ ከጭንቀትና ከኀዘን በአላህ ሲጠበቁ አቅም ከማጣትና ከስንፍናም አብረው ይጠበቁ ነበር። ኀዘኑና አለመቻሉ በአንድ ዱዓ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ስናይ፣ አንዱ ሌላውን እንደሚጎትት ከላይ ያልነውን ያስታውሰናል።

ቀለበቱ የሚቆረጠው ከየት ነው?

አብዛኛው ሰው «ስሜቴ ሲመለስ እሠራለሁ» ብሎ ይጠብቃል። በድባቴ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሥራው ይቀድማል፣ ስሜቱ ኋላ ይከተላል። ይህ የማበረታቻ ወሬ ሳይሆን የተፈተነ ሕክምና ነው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ፣ የተዛባ ሐሳብን በማረም ላይ የተመሠረተውን ሰፊ ሕክምና ከፋፍለው ሲፈትኑት፣ ሕመምተኛው የተዋቸውን ተግባራት በዕቅድ እንዲመልስ የሚያደርገው ክፍል ብቻውን ከሙሉው ያላነሰ ውጤት አስገኝቷል። በሕንድ ጎዋ ግዛትም፣ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ይህንኑ መንገድ ከ6 እስከ 8 በሚሆን ቀጠሮ ሲያስተምሩ፣ ከባድ ድባቴ የነበረባቸው ሰዎች መደበኛውን ሕክምና ብቻ ካገኙት በተሻለ ማገገማቸው በ2017 ዘ ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ለኛ ትልቁ ቁም ነገር «ሐኪም ያልሆኑ» የሚለው ነው። ዋናው ጥበብ ሰው በቀላሉ የሚማረው ነው።

ጥበቡ በተግባሩ ማነስ ላይ ነው። ከወር በፊት ሱቅ ከፍታ ትውል የነበረችውን እናት «ነገ ሱቅሽን ክፈቺ» ማለት ሽንፈትን መደገስ ነው። የሚመረጠው ተግባር በመጥፎው ቀን እንኳ ሊሠራ የሚችል መሆን አለበት፤ ፊትን ታጥቦ ደጅ ላይ 10 ደቂቃ ፀሐይ መሞቅ፣ አንድ ዘመድ ዘንድ መደወል፣ አንድ ድስት ሽሮ መሥራት። ሰዓቱም ይወሰን። «ሲመቸኝ» የተባለ ነገር በድባቴ ጊዜ አይደረግም። አላህ ዘንድ የተወደደ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን የሚያስተምረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለዚህ ሕመም ደግሞ በቀጥታ የሐኪም ትእዛዝ ይመስላል።

በዚህ ረገድ ሙስሊሙ ሌላው የሚያጣው አንድ ዝግጁ ነገር አለው። 5ቱ ወቅቶች ቀኑን አስቀድመው ከፋፍለውለታል። ስለዚህ ተግባሮቹን በሶላት ወቅቶች ላይ ማንጠልጠል ነው። ከፈጅር በኋላ ደጅ መውጣት፣ ከዙህር በኋላ አንድ የቤት ሥራ፣ ከዐስር በኋላ በእግር መስጊድ ድረስ መሄድና መምጣት። ኹሹዕ ባይኖርም፣ ከኋላ ጥግ ተቁሞም ቢሆን፣ መስገድ ነው። ልብ እስኪሞቅ ድረስ ከመስጊድ መቅረት ግን አዙሪቱን መመገብ ነው። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ የመነሻ ሰዓት አይቀየርም፤ እንቅልፍ የሚስተካከለው በመተኛ ሰዓት ሳይሆን በመነሻ ሰዓት ነውና። ቀን ማሸለብ ካስፈለገ ከዙህር በኋላ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ደብተር ይዞ፣ የተሠራውን ነገርና ከሠሩ በኋላ ስሜቱ ከ10 ስንት እንደነበር መጻፍ በጣም ይረዳል። የድባቴ አእምሮ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ ይዋሻል። ደብተሩ ግን ማክሰኞ ከእህቷ ጋር ከተገናኘች በኋላ ከ2 ወደ 4 ከፍ እንዳለች ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለውጥ ላይታይ ስለሚችል ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት መታገሥ ይገባል።

ይህን ሁሉ ስንል አዲስ ነገር ከውጭ ያመጣን እንዳይመስል፣ በ322 ዓመተ ሒጅራ (934 እ.ኤ.አ.) ያረፉትን አቡ ዘይድ አል-በልኺን ማንሣት ይገባል። እኚህ ዓሊም «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ኀዘንን ከሁለት ከፍለውታል፤ ምክንያቱ የሚታወቅና ምክንያቱ የማይታወቅ። ሁለተኛውን ከአካል ሁኔታ ጋር አያይዘው አካላዊ ሕክምና እንደሚያሻው ጽፈዋል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ደህና በሆነበት ጊዜ ለክፉ ቀን የሚሆኑትን ጤናማ ሐሳቦች እንዲያዘጋጅም መክረዋል። ከሺህ ዓመት በፊት እንዲህ የተጻፈለትን ሕመም ዛሬ የምናፍርበት ምክንያት አይታየንም።

በሰሓኑ ላይ ምን ይቅረብ?

ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከዘመዶቻቸው ሰው ሲሞት ተልቢና እንዲሠራ ያዙ እንደነበርና፣ የሕመምተኛን ልብ እንደሚያሳርፍ ከኀዘኑም ጥቂት እንደሚያነሣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ምግብ ነው፤ በኛ ቤት ከገብስ አጥሚት የሚለይ አይደለም። በወተትና በማር ሲሠራ ማኘክ ለታከተው ሰው እንኳ በቀላሉ ይወርዳል። ድባቴን ብቻውን ይፈውሳል ብለን አንሰብክም፤ ሐዲሱም «ከኀዘኑ ጥቂት» ነው ያለው። ምግብ የቀረበት ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ዓሣ በተገኘው መጠን ይከተል። ለብቻ በሰሓን ከማቅረብ ይልቅ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ትሪ እንዲበላ ማድረግ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው። ቡናና ጠንካራ ሻይ ከዐስር በኋላ ባይጠጣ ለእንቅልፍ ይበጃል።

የደም ማነስና የእንቅርት እጢ መዛባት ድባቴን የሚመስል ድካምና መፍዘዝ ያመጣሉ። በተለይ የወለዱና የወር አበባቸው የሚበዛ እናቶች የደም ምርመራ ቢያደርጉ ጥሩ ነው።

ስለ ጫት ሳናነሣ ብናልፍ ግን አንባቢ ይታዘበናል። ድባቴ ያለበት ወጣት በርጫ ላይ ሲቀመጥ ለጥቂት ሰዓት ይከፈታል፤ ያወራል፣ ያቅዳል። ምርቃናው ሲወርድ ግን ከነበረበት ዝቅ ይላል። ሌሊት አይተኛም፣ ምግብ አይበላም፣ ጠዋት አይነሣም፤ ከሰዓት ሐራራው ሲጠራው ተመልሶ ይቀመጣል። ካቆመም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዱካክ ይጫነውና «እኔ ያለ ጫት አልሆንም» ብሎ ይደመድማል። ከላይ የተናገርነው አዙሪት በአንድ ቀን ውስጥ ተጠቅልሎ የሚታየው እዚህ ነው። መጠኑን መቀነስና ሰዓቱን ወደ ቀን ማምጣት መጀመሪያ ይሁን፤ በድንገት ማቆም የከበደው ሰው የሕክምና ባለሙያ ቢያማክር አያሳፍርም።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

«ተነሽ እንጂ» ከማለት «ነይ አብረን እንሂድ» ማለት ይሻላል። ጎረቤት ሦስቴ ጠርቶ እምቢ ከተባለ አራተኛ ይጥራ፤ ባትመጣም ጀበናውን ይዞ ይሂድ። ሩቅያ ማስቀራት የሚፈልግ ቤተሰብ በሸሪዓው መንገድ ያስቀራ፤ ሩቅያና ሐኪም አይጣሉም። አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋልና። «መድኃኒቱን ጣል፣ ጅን ነው» ብሎ የሚያስቆም ሰው ግን ለሕመምተኛው ሕይወት ኃላፊነት አይወስድም።

ሞትን የመመኘት ነገር ሲኖር ዝም አይባልም። ብዙ ሙስሊም ራስን መግደል ሐራም መሆኑን ስለሚያውቅ ሐሳቡ ሲመጣበት ለማንም አይናገርም። በግልጽ «ራስህን ስለመጉዳት ታስባለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በጭንቅላቱ አይተክልም፤ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። «አዎ» ካለ ለብቻው አይተው፤ የተባይ መርዝ፣ ገመድና የመድኃኒት ክምችት ከቤት ይውጣ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ስለ መድኃኒት

ተግባሩን መሞከር ጨርሶ ካቃተ ወይም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለውጥ ካልታየ ሐኪም ማየት የግድ ነው። መጀመሪያ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይኬዳል፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ ወደ አማኑኤል፣ ጅማ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይላካል። «አማኑኤል» የሚለው ስም በየሰፈሩ የስድብ ቃል መደረጉ ስንቱን ሰው ከሕክምና እንዳስቀረ አላህ ይወቀው።

በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። በማግሥቱ አይሠሩም፤ ጥቅማቸው ሙሉ ሆኖ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው ግን በ10ኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ ይተዋል። ሱስ የሚያስይዙ አይደሉም፤ ነገር ግን በድንገት አይቆሙም፤ ከተሻለ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላሉ። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ለልብ አደገኛ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቢያስቀምጠው ይመረጣል። ከዚህ ቀደም ለቀናት ሳይተኛ ከልክ ያለፈ ደስታና ጉልበት የታየበት ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር፤ የሚታዘዘው መድኃኒት ይለያልና።

ረመዷን ሲደርስ ብዙዎች መድኃኒታቸውን በራሳቸው ያቆማሉ። ፍሉኦክሴቲን አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ጠዋት የሚወሰድ በመሆኑ ወደ ሱሑር ሰዓት ሊዛወር ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ማታ የሚወሰድ ቢሆንም አፍ ስለሚያደርቅ ጾሙን ሊያከብደው ይችላል። ምግብና ውሃ እየቀረበት ለተዳከመ ሕመምተኛ አላህ ለበሽተኛ የሰጠው ሩኽሳ አለለት፤ ይጹም አይጹም የሚለውንም ሐኪሙንና ዓሊሙን ይዞ መወሰን ነው። ለዚህ ሁሉ ቀጠሮው በሻዕባን አጋማሽ ቢያዝ ሰዓቱን ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ይተርፋል።